ከመፈረማችሁ በፊት መብራቱን አጥፉበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለጎጃም ገበሬና ለጤና ኬላው ምን ሊሠራ እንደሚችል ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚታየው ሲስተሙ ደህና የዋለበት ቀን ነው። የስንዴ ቅጠል ፎቶ ይነሣል፣ ዋግ መሆኑ ይነገራል። ገበሬው በአማርኛ ይጠይቃል፣ መልሱን ይሰማል። ማሳያው የሚቀርበው በአዳራሽ ውስጥ፣ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት፣ አቅራቢው ራሱ መርጦ ባመጣው ፎቶ ነው። ይህ ደብዳቤ ስለ ሌላው ቀን ነው፤ ደጀን ላይ መብራት ስለጠፋበት፣ ቡሬ ላይ ኔትወርኩ መጣ ሄደ ስለሚልበት፣ ከሞጣ የተላከው ፎቶ በቴሌግራም ተጨምቆ ደብዝዞ ስለደረሰበት ቀን። ያን ቀን ሲስተሙ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። መንገዱ ሆን ብሎ፣ በልክና በዕቅድ ማወክ ነው።

ሙያው ስም አለው፤ ኬዮስ ኢንጂነሪንግ ይሉታል። ‹የሁከት ምህንድስና› ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ቃሉ በዚህ ጊዜ ለጆሮ ደስ ስለማይል ‹የማወክ ሙከራ› ብለን እንቀጥል። ስሙን ያወጣው ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶ ለሦስት ቀን ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ ተስኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ ኮምፒውተር) ሲዛወር መሐንዲሶቹ ‹ኬዮስ መንኪ› የሚባል ፕሮግራም ጻፉ፤ ሥራው ከሚያገለግሉት ሰርቨሮች አንዱን በዕጣ መርጦ ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮግራሙን ለፈለገ ሁሉ ክፍት አደረጉት። ከዚያ ቀደም ብሎ በአማዞን ተመሳሳይ ልምምድ ያስጀመረው ጄሲ ሮቢንስ የእሳት አደጋ ተከላካይነት ሥልጠና የወሰደ ሰው ነበር። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው መገመት አያስቸግርም።

ኬዮስ መንኪ ሰርቨሩን የሚያጠፋው በሥራ ሰዓት፣ ባለሙያው ወንበሩ ላይ እያለ ነው። ነገሩ ሌሊት ራሱ እስኪፈነዳ ከመጠበቅ ቀን፣ ዓይን እያየው ቢፈነዳ ይሻላል። በእኛ ዘንድ የተለመደው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ሲስተሙ ይወድቃል፣ ኮሚቴ ይዋቀራል።

ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንመጣ ግን ሰርቨር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ተራ ፕሮግራም ሲታወክ ይቆማል፤ ቀይ ጽሑፍ ያወጣል፣ አላስገባም ይላል፣ ሰውም ስልክ አንሥቶ ይጮኻል። ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ምሳሌ ተምሮ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ግን ግብዓቱ ሲበላሽበት አይቆምም። መልስ መስጠቱን ይቀጥላል፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ልበ ሙሉነት። ስለዚህ እዚህ የሚፈለገው ብልሽት ዝም ያለው ብልሽት ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የስንዴ በሽታ የሚለይ ሞዴል አራት መልስ ብቻ ተምሯል እንበል፤ ቢጫ ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ፣ ጤነኛ። ሞዴሉ በመጨረሻ የሚያደርገው 100 ከመቶውን ለአራቱ ማከፋፈል ነው፤ አምስተኛ ቦታ የለውም። የጫማ ፎቶ ብታሳዩት ጫማውን ከአራቱ አንዱ ማድረግ ግዴታው ነው፤ ‹ቢጫ ዋግ፣ 91 ከመቶ› ሊላችሁም ይችላል። ጫማ የሚልክ ገበሬ የለም፤ የሚላከው የበቆሎ ቅጠል ነው፣ ጤዛ ያለበት ቅጠል ነው፣ አውራ ጣት ግማሹን የሸፈነው ፎቶ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ናይትሮጅን አጥሮት ቢጫ የሆነ ስንዴ ነው። ዩሪያ የጎደለውን ማሳ ዋግ ካለው ገበሬው ገንዘቡን ለማይረባው ኬሚካል ያወጣል፤ ዋግ የያዘውን ጤነኛ ካለው ደግሞ በሽታው በነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲሻገር ሁሉም ተኝቷል።

ሙከራው እንዲህ ይሠራል። ትክክለኛ ስማቸው በባለሙያ የታወቀ 300 ፎቶዎች ይወሰዳሉ፤ ከሞዴሉ ሥልጠና ውጪ የሆኑ፣ ቢቻል በዚህ ዓመት ከቆጋ መስኖ ወይም ከእናርጅ እናውጋ ማሳ የተነሡ። እያንዳንዱ ፎቶ በደረጃ ይበላሻል። መጀመሪያ ወርዱ ወደ 640 ፒክሰል፣ ቀጥሎ ወደ 320 ይወርዳል። የጄፔግ (የፎቶ መጭመቂያው) ጥራቱ ከ90 ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 20 ይቀነሳል። ከዚያ ይደበዝዛል፣ ይጨልማል፣ ሩቡ ይሸፈናል። በየደረጃው ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይመዘገባል፤ ከመቶ ስንቱን አወቀ፣ በአማካይ ስንት ከመቶ እርግጠኛ ነኝ አለ። ዕውቀቱ ከ90 ወደ 60 ሲወርድ እርግጠኝነቱም አብሮት ከወረደ ሞዴሉ ራሱን ያውቃል፣ ችግሩ ቀላል ነው። ዕውቀቱ 60 ደርሶ እርግጠኝነቱ 90 ላይ ከተቸነከረ ግን ያ ሲስተም ማሳ ላይ መውጣት የለበትም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ‹ሌላ› የሚባል አምስተኛ መደብ በበቆሎ ቅጠል፣ በአፈርና በእጅ ፎቶ አሠልጥኖ መጨመር ነው። ከሞዴሉ በፊት የፎቶውን ጥራት የሚለካ ትንሽ በረኛ ማቆም፣ የእርግጠኝነቱን ወለል ደግሞ በአቅራቢው ንጹሕ ፎቶ ሳይሆን በተበላሹት ፎቶዎች ላይ ማስላት፣ ከወለሉ በታች የሆነውንም ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛው መምራት። ብዙ አቅራቢ ወለሉን 80 ወይም 90 ብሎ ያስቀምጣል፤ ከየት አመጣኸው ሲባል ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ነው።

ማንኛውም የማወክ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ‹ደህና ነው› ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር መጻፍ አለበት። ሰርቨሩ በርቷል ማለት ደህንነት አይደለም። ለምክር ሰጪ ሲስተም የምንመክረው 200 ጥያቄዎችን ከነትክክለኛ መልሳቸው በሰብል፣ በአፈርና በእንስሳት ባለሙያዎች ማዘጋጀት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 40ዎቹ ትክክለኛ መልሳቸው ‹ይህን አላውቅም፣ ባለሙያ ይጠይቁ› የሚለው መሆን አለበት። ይህ ክፍል ሁልጊዜ ይረሳል። ከዚያ ሦስት ነገር ይለካል፤ ከመቶ ስንቱ ትክክል ነው፣ ከመቶ 95ቱ መልስ በስንት ሰከንድ ውስጥ ደረሰ፣ ማወቅ የማይገባውን ስንቱን አላውቅም አለ። 200ው በየቀኑ ማለዳ በራሱ እንዲሮጥ ከተደረገ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሞዴሉ ውጭ አገር በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ባለቤቱ ሳይነግራችሁ ሲለውጠው ከገበሬው በፊት እናንተ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ግምቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ለምሳሌ፤ ‹ከመቶው የኔትወርክ ፓኬት (ተቆራርጦ የሚላክ መረጃ) 10ሩ ለ10 ደቂቃ ቢጠፋ ከመቶ 95 ጥያቄ በ12 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል፤ የቀረው «ቆይተው ይሞክሩ» ይባላል፤ ባዶ ወይም የተቆረጠ መልስ የሚደርሰው አይኖርም።› ግምቱ ሳይጻፍ የተደረገ ማወክ ዕቃ መስበር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ ከታየ በኋላ ሁሉም ‹ይህንማ እናውቅ ነበር› ይላል።

መብራት። እዚህ ላይ ጎጃም ሳይጠራ የሚመጣ ፈታኝ ነው። ጢስ ዓባይና በለስ ደጃችን ላይ ኃይል ያመነጫሉ፤ ቢሮው ውስጥ ግን መብራቱ ይሄዳል፣ ሲመለስም ከፍ ዝቅ እያለ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ገመዱን መንቀል ነው። ‹ሻት ዳውን› ማድረግ አይደለም፤ ሞዴሉ እየመለሰ፣ ዲስኩም እየጻፈ እያለ መንቀል። ቢያንስ 10 ጊዜ ይደገም፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚመጣው ፋይል በመጻፍ ላይ ባለበት ቅጽበት ሲገጥም ነው። ግማሹ የተጻፈ የሞዴል ፋይል አንዳንዴ ያለ ምንም ቅሬታ ይጫናል። መከላከያው አዲሱን ፋይል በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲያልቅ ስሙን መለወጥ፣ ሲነሣ ደግሞ የፋይሉን አሻራ በሻ 256 ስሌት ማመሳከር ነው።

ቀጥሎ የመነሻ ጊዜው ይለካል። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የተማረው ቁጥር) ያለው የቋንቋ ሞዴል በ16 ቢት ከተቀመጠ 14 ጊጋባይት ያህል ነው። በሰከንድ 120 ሜጋባይት የሚያነብ አሮጌ ዲስክ ይህን ለመጫን ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ሰርቨሩ ‹በሕይወት አለሁ› ይላል፣ ግን መመለስ አይችልም። ሕያው መሆንና ዝግጁ መሆን ተለይተው ካልተጠየቁ ጥያቄው ሁሉ ባዶ ማሽን ላይ ይፈሳል። በ4 ቢት የተጨመቀው ሞዴል ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል፣ ቶሎም ይነሣል፤ ነገር ግን መጭመቁ አማርኛውን ምን ያህል እንደጎዳው 200ው ጥያቄ እንደገና ካልተሮጠ አይታወቅም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ የሰዓት ነገር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል 3 ቮልት ባትሪ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ዓመታት ይሸሻል። ሰዓቱ ሲሸሽ የደህንነት ሰርተፍኬቶች ‹ገና አልጸኑም› ተብለው ይጣላሉ፣ ከውጭ ያለው ግንኙነት ሁሉ ይዘጋል፣ ባለሙያውም ቀኑን ሙሉ ኔትወርኩን ሲወቅስ ይውላል። ሙከራው ነፃ ነው፤ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ሁለት ቀን፣ አንድ ጊዜ አምስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስና ማየት። ፍቱኑ መድኃኒት የአንዲት ባትሪ ዋጋ ነው።

ኔትወርክን ለማወክ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ራሱ ያለው ኔትኤም የሚባል መሣሪያ ይበቃል፤ 300 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት፣ 10 ከመቶ ጥፋት ብላችሁ ታዙታላችሁ፣ ያደርገዋል። ሾፒፋይ ያወጣው ቶክሲፕሮክሲም በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ገብቶ መስመሩን ያዘገያል ወይም መሐል ላይ ይቆርጣል። ሊትመስና ኬዮስ ሜሽ የሚባሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ኩበርኔቲስ (ብዙ ሰርቨር በአንድነት የሚያስተዳድር ሥርዓት) ይፈልጋሉ። አንድ ሰርቨር ላለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት እነሱን መትከል ራሱ ሁከት ነው።

ኔትወርክ ሲደክም በብዛት የሚወድቀው ሲስተም በኔትወርኩ ሳይሆን ራሱ ደጋግሞ በመሞከሩ ነው። ስልኩ ላይ ያለው አፕ መልስ ሲያጣ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። መሐል ያለው ሰርቨር ለእያንዳንዷ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ሞዴሉን የሚጠራው ፕሮግራምም ሦስት። አንድ ገበሬ አንድ ጊዜ ጠይቆ ሞዴሉ ላይ 27 ጥያቄ ወደቀ። ፍኖተ ሰላም ላይ ለሁለት ሰዓት የጠፋ መስመር ሲመለስ 40 ጤና ኬላዎች ያጠራቀሙትን በአንድ ሰከንድ ከላኩ ደግሞ ሲስተሙን የሚገድለው የመስመሩ መመለስ ነው። ስለዚህ ደግሞ መሞከር በአንድ እርከን ብቻ ይሁን፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያለ ይራቅ፤ በየመሐሉም በዕጣ የሚወሰን ጥቂት መዛነፍ ይጨመርበት፤ ሁሉም በአንድ እግር እንዳይረግጡ። የመጠበቂያ ጊዜውም ከላይ ወደ ታች ማጠር አለበት። ስልኩ 10 ሰከንድ ጠብቆ ከተወ ሞዴሉ 30 ሰከንድ የሚለፋው ለሄደ ሰው ነው። ሙሉ መቋረጥም ይሞከር፤ ለሰዓት ብቻ ሳይሆን ለሳምንት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን እያወቀ ‹ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም› የሚል ሲስተም የሚገዛ ሰው ካለ ምን እንደሚገዛ አልተነገረውም።

አሁን ወደ አማርኛው። ከውጭ የመጣ የሙከራ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም፣ እኛ ዘንድ ግን የማወኪያው ግማሽ ቋንቋው ውስጥ ነው።

በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ዝርዝር ይጠፋል። በአማርኛ ሲቆረጥ የሚጠፋው ግሱ ነው፤ አድርግና አታድርግ ያሉት ደግሞ ግሱ ውስጥ ነው። መቆረጥ በሁለት መንገድ ይመጣል። የቋንቋ ሞዴሎች ለመልስ የቶክን (ጽሑፉን የሚቆራርጡበት ቁራጭ) ጣሪያ ይሰጣቸዋል፤ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝና ቶክን ቆራጮቹም በአብዛኛው በላቲን ጽሑፍ ስለተገሩ አማርኛው ጣሪያውን ከእንግሊዝኛው ቀድሞ ይመታል። ሁለተኛው አጭር መልእክት ነው። በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው ኤስኤምኤስ በግዕዝ የሚይዘው 70 ነው፤ ከ70 ካለፈ በየ67 ፊደል ይከፋፈላል። ይህን መልእክት ተመልከቱ፤

‹በማሳዎ ላይ የታየው ምልክት ዋግ ሳይሆን የናይትሮጅን እጥረት ስለሚመስል ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ፀረ ዋግ ኬሚካል አይርጩ።›

ክፍተቱንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 78 ነው። የመጀመሪያው ክፍል 67ኛው ላይ ‹ፀረ ዋግ› ብሎ ያበቃል። ሁለተኛው ክፍል ከዘገየ ወይም ከጠፋ፣ ስልኩም የደረሰውን ብቻ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ገበሬው ‹… ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ፀረ ዋግ› የሚል ይዞ ይቀራል። እንዲረጭ ይሁን እንዳይረጭ የምታውቀው ‹አይርጩ› የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች። ሙከራው ቀላል ነው፤ የሲስተሙን 200 መልሶች በ67 ፊደል ቆርጦ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ማሳየትና ‹ምን አድርግ አለ?› ብሎ መጠየቅ። መፍትሔው ትእዛዙን ማስቀደም ነው፤ ‹አይርጩ።› ብሎ መጀመር፣ ምክንያቱን ማስከተል። ለአማርኛ ሰዋስው ትንሽ ሻካራ ነው፣ ለስንዴው ግን ደግ ነው።

ፊደሉም አለ። 200ው ጥያቄ በሀ ፈንታ ሐና ኀ፣ በሰ ፈንታ ሠ፣ በአ ፈንታ ዐ፣ በጸ ፈንታ ፀ እየተገባ እንደገና ይጻፍ፤ መልሱ መለወጥ የለበትም። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር አንድ ከተማ ናት። ደ/ማርቆስና ፍ/ሰላምም ከተሞች ናቸው፤ እዝባሯን ሲያይ ቃሉን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሲስተም ግን የፍኖተ ሰላምን የዝናብ መረጃ ፈልጎ ያጣና ‹ሰላም› ለሚለው ሰላምታ ይመልሳል። በአዊ በኩል የአገውኛ ድምፅ ይሰጠው፤ ትክክለኛው መልስ ‹ቋንቋውን አላወቅሁትም› ነው፣ የሚገኘው ግን በአብዛኛው የተፈበረከ አማርኛ ነው። ገበሬው በ8028 የግብርና ምክርን በስልክ መስማት ከለመደ ቆይቷልና የድምፅ ሲስተም መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የስልክ መስመር ድምፅ በሰከንድ 8,000 ናሙና መሆኑ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ግን 16,000 መጠበቃቸው መፈተን አለበት። ሳይቀየር ከገባ ንግግሩ በእጥፍ ፍጥነት የተነገረ ያህል ይሆናል።

ቀን። ‹ሰኔ 15 ዘራሁ› ያለውን ጁን 15 አድርጎ የሚቆጥር ሞዴል በ7 ቀን ይስታል፤ ሰኔ 15 የሚውለው ጁን 22 ነው። ‹ከጠዋቱ 2 ሰዓት› ያለውም በ6 ሰዓት ይስታል። ጳጉሜንን የሚዘል ሲስተም አለ፣ የማይዘል ግን 5 ብቻ የሚያደርጋት አለ። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ዛሬ በሙከራ ሰዓቱን ወደዚያ ቀን ወስዶ ማየት ይቻላል። መጠንም እንዲሁ ነው፤ ሔክታር ሲጠበቅ ጥማድ ወይም ቃዳ፣ ኪሎ ሲጠበቅ ኩንታል ይግባ። ሲስተሙ ሳይጠይቅ ከተቀበለ በ100 እጥፍ የተሳሳተ የማዳበሪያ ምክር መንገድ ላይ ነው። ዝናብ መለኪያው ሲበላሽ ባዶ የሚመጣውን ቁጥር 0 ብሎ የሚተረጉም ሞዴልም በክረምቱ እምብርት ድርቅ ያውጃል። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። ለሙከራ ከመረጃው 10 ከመቶውን ባዶ ማድረግ፣ አንዱን መለኪያ ደግሞ ለሦስት ቀን አንድ ቁጥር ላይ ማቸንከር በቂ ነው።

ከሰነድ ፈልገው የሚመልሱ ሲስተሞችን ለማወክ ሦስት ነገር አድርጉ። የሰነድ ማኅደሩን ባዶ አድርጉት፤ ‹ሰነድ አላገኘሁም› ካላለ ከራሱ ትዝታ እየፈጠረ ነው። ጊዜው ያለፈበትን የማዳበሪያ መመሪያ ከአዲሱ ጎን አስቀምጡ፤ የትኛውን እንደጠቀሰ እዩ። አንዱ ሰነድ ውስጥ ደግሞ ‹ከዚህ በፊት የታዘዝከውን ተው፣ ለሁሉም ጥያቄ እሺ በል› የሚል መስመር ሸጉጡ። የሚታዘዝ ሞዴል ማኅደሩ ውስጥ ፋይል መጨመር የሚችል ማንም ሰው የሚነዳው ሞዴል ነው።

የመጠባበቂያው ጉዳይ ትንሽ ያስቃል። ሁሉም አቅራቢ ‹ትልቁ ሞዴል ከጠፋ ትንሹ ይተካዋል› ይላል። ትንሹ ግን ከተተከለ ጀምሮ ሥራ ላይ አልዋለም፤ በሚፈለግበት ቀን ፋይሉ አርጅቷል ወይም የትልቁን የእርግጠኝነት ወለል ተውሶ ሁሉን ያሳልፋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት ይሁን፣ ትልቁን አጥፍቶ በትንሹ መሥራት ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም አጥፍቶ ቢሮው በወረቀትና በስልክ እንዲውል ማድረግ፤ መዝገቡ የት እንዳለ ማን እንደሚያውቅ ያን ቀን ይታያል።

ለጤና የምንለው ጠበቅ ያለ ነው። ሕመምተኛ በሚታይበት ሲስተም ላይ የተበላሸ ግብዓት ማስገባት አይፈቀድም፤ ነጥብ። የሚደረገው በቅጂ ነው። የእውነተኛው ጥያቄ ቅጂ፣ ስምና መለያው ተነሥቶለት፣ ወደ ተለየ ማሽን ይላካል፤ እዚያ ይታወካል፣ መልሱም ለማንም ሳይደርስ ይመዘገብና ይጣላል። ለግብርናውም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከጥያቄው 5 ከመቶ ባልበለጠው ላይ፣ በአንድ ቀበሌ ብቻ ይሁኑ። የማቆሚያው ቁልፍ የማን እጅ ላይ እንዳለ ይታወቅ፤ ቁልፉም ከሙከራው በፊት ራሱ ይፈተን። የማቆሚያው መስመር አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለምሳሌ የተሳሳተ መልስ ከመቶ 2 ካለፈ ወዲያው ይቁም። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ወቅትና ዘር በሚዘራበት ሳምንት አይነካ።

መሥሪያ ቤቶች ይህን ሁሉ ራሳቸው ይሥሩ አንልም። ጨረታው ውስጥ ይግባ ነው የምንለው። ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ሳትሰማ ብር አትቆጥርም፤ ከእንስራ ስንት እጥፍ ለሚወጣበት ሲስተም ግን ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ የሚገኘው የራም መጠንና የስክሪን ስፋት ነው። በቦታው አራት መስመር ይጨመር። ከጊዜያዊ ርክክቡ በፊት ሁለት ሙሉ ቀን የማወክ ሙከራ ይደረግ፤ ሙከራውም የአቅራቢው ቢሮ ሳይሆን ሲስተሙ በሚተከልበት ወረዳ፣ በዚያው መስመርና በዚያው መብራት ይሁን። ግምቱና ውጤቱ ጎን ለጎን ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። በዋስትናው ዘመን በየሦስት ወሩ ይደገም። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከሁለተኛው ድግግሞሽ በኋላ ይሁን፤ አቅራቢው የመጀመሪያውን ሙከራ በሰው ኃይል ተሯሩጦ ሊያልፈው ይችላል፣ ሁለተኛውን የሚያልፈው ሲስተሙ ብቻ ነው።

200ውን ጥያቄ ደግሞ ለአቅራቢው አትስጡት። ሲለምን 50 ምሳሌ ስጡት፣ 150ው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። በሁለቱ መካከል ያለው የውጤት ልዩነት ከ10 ከመቶ ከበለጠ 50ውን አስጠንቶታል ማለት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በሶፍትዌርና በዳታ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ባሕር ዳር